የሕፃኑን አንጓ ንኩት፦ በጤና ባለሙያዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከጂንካ ድረስ መንገድ ቆርጣችሁ የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

አዘጋጆቹ ርዕሱን ራሳቸው መርጠው ነው የጻፉልኝ። «የቫይታሚን ዲ እጥረትና የሰውነት መከላከያ፣ ደም በሚያፈሱ የቫይረስ ትኩሳቶች ላይ» ይላል ደብዳቤው። እኔ በሕፃናት ክፍል 31 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ ተመራማሪ አይደለሁም። ቢሆንም ርዕሱን ተቀብያለሁ፣ አንብቤያለሁ፣ የማምናቸውን ሐኪሞች አስቸግሬያለሁ። ደግሞም ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለኝ። እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መግባቱ ሲረጋገጥ እያንዳንዳችሁ የት እንደነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ጥር 18 ቀን ማብቃቱ እስኪታወጅ ድረስ በምርመራ ከተረጋገጡት 14 ታማሚዎች 9ኙን ቀብረናል። ከታመሙት መካከል የእኛው ሰዎች፣ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ይህ አካባቢ ለእንዲህ ያለ ትኩሳት እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. አካባቢ በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ የወረደውን ቢጫ ወባ ያውቁታል፤ ወደ 30,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። የማርበርግ ስም ግን ለእኛ አዲስ ነበር፤ አዲስ ስም ደግሞ ያስፈራል።

በዚያው በኅዳር ነው። ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ የማልፍበት መንገድ ላይ አንድ መድኃኒት ቤት አለ። መስታወቱ ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ተለጥፏል። በቀይ እስክሪብቶ «ማርበርግን ለመከላከል ቫይታሚን ዲ ገብቷል» ይላል። ቆሜ ሁለቴ አነበብኩትና ገባሁ። ባንኮኒው ላይ ነጫጭ ብልቃጦች ተደርድረዋል። ከፊቴ አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ ከመቀነቷ ጫፍ ብር እየፈታች ነው። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ተጠቅልሏል፤ በፎጣ፣ በላዩ በነጠላ፣ በዚያ ላይ በጋቢ። አፍንጫው እንኳ አይታይም።

«ለማን ነው የምትገዢው፣ እህቴ?» አልኳት።

«ለባለቤቴ ነው። ሹፌር ነው፤ በጂንካ መስመር ይሠራል።»

«ለሕፃኑስ?»

ዞር ብላ አየችኝ። «ለሕፃኑ? እሱ ምን ሆነና?»

ይህቺን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ልጁን ፋርማሲስት አነጋገርኩት፤ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። «እትዬ፣ ሰው ተጨንቋል፤ ቫይታሚን ደግሞ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» አለኝ። ይጎዳል እንጂ! ቫይታሚን ዲ ከመጠን ሲያልፍ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊት ያበላሻል። ከዚህ የባሰው ጉዳት ደግሞ ያ ሹፌር ብልቃጡን ኪሱ ውስጥ ከቶ «ተከላክያለሁ» ብሎ ሲያስብ ነው። ማርበርግ የሚተላለፈው በታመመ ወይም በሞተ ሰው ደም፣ ትውከት፣ ላብና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ነው፤ መነሻው የፍራፍሬ የሌሊት ወፍ ነው። ሹፌሩ ማወቅ ያለበት ይህንን ነው። ትኩሳት የያዘውን ተሳፋሪ እንዴት እንደሚይዝ፣ አስከሬን እንዳይነካ፣ እጁን እንዲታጠብ የሚነግረው ሰው ነበር የሚያስፈልገው። የተሰጠው ግን ብልቃጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ርዕሱ ልግባ። ነገሩ ከየት ተነሣ? ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። ቫይታሚን ዲ ስሙ ቫይታሚን ይባል እንጂ ሥራው የሆርሞን ነው። ፀሐይ ቆዳችን ላይ ስታርፍ ይሠራል፣ ጉበት ውስጥ አንዴ ይለወጣል፣ ኩላሊት ውስጥ ዳግመኛ ተለውጦ ለአጥንት ይደርሳል። ይህን ተምረናል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ያልተነገረኝ ነገር ግን አለ። ማክሮፋጅ የምንላቸው፣ ባዕድ ነገር እየዋጡ የሚያጠፉ የመከላከያ ሕዋሳት፣ ያንን የኩላሊት ሥራ ራሳቸው ውስጥ ይሠሩታል። ጀርም ሲያጋጥማቸው ቫይታሚን ዲን ለራሳቸው ያዘጋጁና ካቴሊሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ነገር ያመርቱበታል። ለዚህ ግን ደም ውስጥ በቂ ጥሬ ዕቃ ማግኘት አለባቸው፤ ከሌለ ዘበኛው ዱላ ሳይይዝ በር ላይ ቆመ ማለት ነው።

ሌላም ሥራ አለው። ሕዋሳት አደጋ ሲያዩ ኡኡ ይላሉ፤ ኡኡታቸው ሳይቶካይን ይባላል። መንደር ውስጥ እሳት ሲነሣ የሚሰማ ጩኸት አስቡ። ጎረቤት ውኃ ይዞ ይደርሳል፤ ደግ ነው። ጩኸቱ ልክ ካጣ ግን አገር ሙሉ ዱላና መጥረቢያ ይዞ ይመጣል፤ አጥር ይፈርሳል፣ እህል ይረገጣል፣ እሳቱ ያልነካውን ቤት እርዳታው ያፈርሰዋል። ቫይታሚን ዲ ጩኸቱን ልክ ከሚያስይዙት ነገሮች አንዱ እንደሆነ ቤተ ሙከራ ውስጥ ታይቷል።

አሁን ማርበርግን አምጡ። ይህ ቫይረስ መጀመሪያ የሚገባው ማን ውስጥ ነው? እዚያው ማክሮፋጅ ውስጥ። ዘበኛውን ይይዝና ቤቱ ያደርገዋል። ለጎረቤት ሕዋስ «ቫይረስ መጣ» የሚለውን ኢንተርፌሮን አፉን ያፍነዋል፤ ሌላውን ኡኡታ ግን ይለቀዋል። ከዚያ ጉበትና ጣፊያ ይመታሉ፣ የደም ሥር ግድግዳ ያሾልካል፣ ደም የሚያረጋው ነገር ያልቃል፣ ግፊት ይወርዳል። ብዙዎቹን የሚገድላቸው የሚያስፈራው መድማት ሳይሆን ይህ ፈሳሽ ማጣትና የአካላት መዛል መሆኑን ጂንካ ላይ ቆማችሁ ያያችሁ ከእኔ የበለጠ ትናገራላችሁ።

ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አድርጎ «ቫይታሚን ዲ ማክሮፋጅን ያስታጥቃል፤ ማርበርግ ማክሮፋጅን ያጠቃል፤ እንግዲያው ቫይታሚን ዲ ለማርበርግ ይሆናል» ቢል ሐሳቡ የእብደት አይደለም። ዴንጊ በሚባለው፣ ትንኝ በሚያስተላልፈው የቫይረስ ትኩሳት ላይ ተሞክሯል። ኮሎምቢያ ውስጥ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በቀን 4,000 ዩኒት ለ10 ቀን ወስደው ደማቸው ሲቀዳ፣ ከደማቸው የተገኘው ማክሮፋጅ ለዴንጊ ቫይረስ ያነሰ ተጋላጭ ሆኖ ታይቷል። ይህ ግን በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ የታየ ነው። አልጋ ላይ ለተኛ የማርበርግ ታማሚ ቫይታሚን ዲ ተሰጥቶት ከሞት እንዳዳነው ያሳየ አንድም ጥናት የለም። በኮቪድ ጊዜ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ 240 ታማሚዎችን መድበው፣ ለግማሾቹ 200,000 ዩኒት በአንድ ጊዜ ሰጥተው ነበር። ቶሎ አልወጡም። ሌላም ወጥመድ አለ፤ ሰው በጠና ሲታመም ደሙ ውስጥ የሚለካው ቫይታሚን ዲ በሕመሙ ምክንያት ራሱ ይወርዳል። ዝቅ ብሎ ስላገኘነው ያሳመመው እሱ ነው ማለት አንችልም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገሬ ሰው። ቫይታሚን ዲ ሥራውን የሚሠራው ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ በዓመታት ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ሕፃኑ ገና ድድ ሳለ።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልሂድ።

1988 ክረምት ነው። ተመርቄ ከወጣሁ ገና ዓመቴ፤ የምሠራበትን ቤት ስም አልጠራም። አንዲት እናት የ14 ወር ወንድ ልጅ ይዛ መጣች። ጉሊት ነው የምትነግደው። ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጋጠመ ነው። እሷ ሽንኩርትና ቃሪያ ስትሸጥ ልጁን የአከራይዋ ሠራተኛ ውስጥ አስተኝታ ትጠብቅላታለች። የሚያስለው ልጅ እኔ ጋ ሲመጣ ሦስተኛው ነው። ሁለቱን ጊዜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን ጊዜ ሽሮፕ ሰጥቼ፣ «ሸፍኚው፣ ብርድ እንዳይመታው» ብዬ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ካርዱ ላይ የእጅ ጽሑፌ አለ።

በሦስተኛው ጊዜ ሲመጣ አንጋፋው ሐኪም ነበሩ። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ጎኑ ወደ ውስጥ እየገባ። «ልብሱን አውልቂለት» አሉኝ። የሱፍ ኮፍያ አወለቅሁ፤ ሹራብ፤ ከሥሩ ሌላ ሹራብ፤ ከሥሩ ካናቴራ። ያን ልጅ ራቁቱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ታክሞ ከእጄ የወጣ ልጅ! ግንባሩ ወጣ ያለ ነው። እርግብግቢቱ ገና እንደ አራስ ልጅ ክፍት ነው፤ ጣቴ ሥር ይመታል። ሐኪሙ ምንም ሳይሉ እጄን ያዙና አውራ ጣቴን የልጁ የእጅ አንጓ ላይ አስቀመጡት።

«ምን ይሰማሻል?»

ወፍራም ነው። ክንዱ ቀጭን፣ አንጓው ግን ሁለት አጥንት የተደራረበ ይመስላል። ከዚያ እጄን ወደ ደረቱ ወሰዱት። ጎድን አጥንቱ ከደረቱ ለስላሳ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንክብል እንክብል የሚል ነገር ተሰልፏል፤ ልክ እንደ መቁጠሪያ። ሪኬትስ። ቫይታሚን ዲ ሲጎድል የልጅ አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ፤ መጽሐፍ ላይ አጥንቼው፣ ፈተና ላይ መልሼው፣ ሁለት ጊዜ እጄ ላይ መጥቶ ያለፍኩት ሪኬትስ። ጎድኑ ስለለሰለሰ ሳንባውን መክፈት አይችልም፤ ጡንቻው ስለደከመ አክታውን ማስወጣት አይችልም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ቅድም ያልኳችሁ ዘበኛ ባዶ እጁን ነው።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል ሞተ። እናቱ አልጮኸችም። ጋቢውን እያጠፈች «ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው የሸፈንኩት፣ ሲስተር። አንቺም ብለሽኛል» አለችኝ። ሁለቴ ነው የደገመችው።

በዓመቱ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997፣ የዶክተር ሉሉ ሙሄና የባልደረቦቻቸው ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። አዲስ አበባ፣ የያኔው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ነው። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳንባ ምች ሕፃናትና ሳንባ ምች የሌለባቸው ሌሎች 500 ሕፃናት ተመረመሩ። ከታመሙት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። ካልታመሙት 20ዎቹ ብቻ። ሌላው ሌላው ምክንያት ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ እንኳ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዙ ዕድል 13 እጥፍ ነበር። ወረቀቱን የሰጡኝ እኚያው ሐኪም ናቸው። ቆሜ አነበብኩት፤ ቁጥሩን ሳይ የታየኝ ያ አንጓ ነው።

ይህ የእኛ ጥናት ነው! በእኛ ልጆች ላይ፣ በእኛ ሐኪሞች፣ በእኛ አገር የተሠራ። ዓለም እስከ ዛሬ ይጠቅሰዋል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? ቁጠሩ። የቫይታሚን ዲ ጠብታ ለጨቅላ በየቀኑ 400 ዩኒት እንደሚያስፈልገው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። በምትሠሩበት ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ጠብታው አለ? በወለደች እናት እጅ ላይ ይደርሳል? በክትባት ቀን ስንቶቻችን የሕፃኑን ልብስ ገልጠን አንጓውን እንነካለን? ክንዱን ብቻ አውጥተን ወግተን አንሸፍነውም? እዚህ ላይ የምታጨበጭቡ ካላችሁ ለእኔ አታጨብጭቡ፤ እኔ ከጥፋተኞቹ አንዷ ነኝ። ይልቅ ይቆጫችሁ!

የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ስሙ የሚያስፈራ ትኩሳት ሲመጣ ቫይታሚን ዲ በአንድ ሳምንት ከመደርደሪያ ያልቃል። ሳንባ ምች፣ ያለ ስም፣ ያለ ዜና፣ ያለ መግለጫ፣ በየሌሊቱ ልጅ ሲወስድ ግን የቫይታሚን ዲ ስም የሚያነሣ የለም። ያቺ እናት «እሱ ምን ሆነና?» አለችኝ። ምን እንደሆነማ ማወቅ ያለብን እኛ ነን፤ እሷ አይደለችም። እኛ አልነገርናትም! ብልቃጡን የሸጠላት ልጅ አልነገራትም፤ ክትባት የሰጣት ባለሙያ አልነገራትም፤ ምናልባት እንደ እኔ «ሸፍኚው» ብሏት ይሆናል።

«የ13 ወር ፀጋ ያላት አገር ውስጥ እንዴት የፀሐይ ረሃብ ይኖራል?» ይላሉ። አዳማ ላይ የታየውን ልንገራችሁ። ከተማዋና ዙሪያዋ የሚማሩ ልጆች ደም ተለክቶ እንደ አውሮፓውያን በ2015 ታትሟል። ከመቶው 42ቱ እጥረት ነበረባቸው። የከተማዎቹ ለብቻ ሲታዩ 62 ገደማ፤ የገጠሮቹ 21። ፀሐይዋ ያችው ናት። ከብት የሚጠብቀው ልጅ አገኛት፤ ክፍል ውስጥና ቤት ውስጥ የሚውለው አላገኛትም። እነዚህ እንግዲህ በእግራቸው ሮጠው የሚወጡ ልጆች ናቸው። ካልታቀፈ የማይወጣውን ጨቅላ አስቡት። አሁን ደግሞ ኮንዶሚኒየም መጥቷል። እናት ልጇን በዝግ መስታወት በኩል ፀሐይ ስታሞቅ አያለሁ፤ ቅባት ቀብታ፣ እያጫወተች፣ ደስ ብሏት። መስታወቱ ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ይህንን ለመንገር አንድ ደቂቃ ይበቃል።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ነገር አለ። እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ እጥረቱ ከፍ ብሎ መገኘቱ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የታወቀ ነው። የጠቆረ ቆዳ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። በአረብ አገር በር ተዘግቶባቸው ስለሚሠሩት እህቶቻችን ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሰዓቱ አይበቃኝም።

ወረርሽኙ ሲመጣስ ምን ይደረግ የሚለው ከእኔ ይልቅ የእናንተ ነው፤ በአጭሩ ብቻ ልበል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 አንጎላ፣ ዊጅ በተባለ አካባቢ ማርበርግ 252 ሰው ይዞ 227ቱን ገደለ። በዚያው አቆጣጠር በ2024 ሩዋንዳ ላይ 66 ሰው ይዞ የሞቱት 15 ናቸው። ሁለቱንም ያው ማርበርግ ነው ያመጣው። ሩዋንዳ ላይ ቶሎ ተገኙ፣ ጉሉኮስ በልኩ ተሰጣቸው፣ ኦክስጅን፣ ማሽን ላይ የተደረገም ነበር፣ በሙከራ ላይ ያሉ መድኃኒቶችም ደረሱ። እንዲሁም የማርበርግ ዘመድ የሆነው ኢቦላ ይዟቸው አሜሪካና አውሮፓ የታከሙት 27 ሰዎች ሲሆኑ የሞቱት 5 ናቸው። እነዚህ ታማሚዎች ደም ውስጥ ካልሲየም እንደሚወርድ ተጽፏል። ሪኬትስ ያለበት ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ አስቀድሞ የወረደ ነው። አልጋችሁ ላይ እንዲህ ያለ ሕፃን ቢመጣ ካልሲየሙን ለኩለት፤ ቢያንቀጠቅጠው ትኩሳቱ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ለእናንተ ለራሳችሁ ደግሞ ጓንትና ሙሉ መከላከያ ልብስ ሳይሟላ ወደ ታማሚ ክፍል ግቡ የሚላችሁ ካለ፣ ቫይታሚን ይዞላችሁ ቢመጣም፣ አትግቡ!

ያንን ፋርማሲስት በሳምንቱ ተመልሼ አየሁት። ወረቀቱን አንሥቶታል። ብልቃጦቹ አሉ። «የሕፃን ጠብታ አስመጣ፤ ሕፃን ያዘለች እናት ስትመጣ ስንት ወሩ ነው ብለህ ጠይቅ» አልኩት፤ አስመጥቷል። አንድ መድኃኒት ቤት ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልውረድ። እኔ በጡረታ ከመሰናበቴ በፊት በምሠራበት ቦታ ያደረግነው ነው፤ በጀት አልጠየቀም፣ ደብዳቤ አልጠየቀም። በክትባት ቀን እናቶች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ነበር። ሁለት ሆነን ተሸክመን ግቢው ላይ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አወጣነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ የሕፃኑን ኮፍያ አውልቀን፣ እግርና እጁን ገልጠን፣ እናቱን አጠገቡ አስቀምጠን ተራዋን እንጠራለን። የመጀመሪያ ቀን አንድ አሮጊት «ምች ይመታዋል!» ብለው ጮሁብን። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የዚያን የ14 ወር ልጅ ታሪክ ነገርኳቸው። ሰምተው ዝም አሉ፤ ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ካልሲ በራሳቸው እጅ አወለቁ።

ሰኞ ስትገቡ አግዳሚ ወንበሩን አውጡት። ክትባቱን ከመስጠታችሁ በፊት አውራ ጣታችሁን አንጓው ላይ አድርጉ።

አመሰግናለሁ።